የኔትወርክ መስመር ሲቋረጥ የጋራ ስብሰባ እንዳይቆም

በሐዋሳ ከተማ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ጋር በቪዲዮ ኮንፈረንስ ሲሰበሰብ፣ ድምፁና ምስሉ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ርቀት የተዘረጋ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ በቁፋሮ ቢቆረጥና አማራጭ መስመር ባይኖር ስብሰባው ይቋረጣል፤ ውሳኔ የሚጠብቀው ባለጉዳይም ይጉላላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው ወረዳ ኔት የፌዴራልና የክልል አካላትን ከ500 በላይ ከሚሆኑ ወረዳዎች ጋር ለማገናኘት የምድርና የሳተላይት መስመሮችን ተጠቅሟል። ሁለቱ መስመሮች የሚበላሹበት ምክንያት የተለያየ ነው። የምድር ገመድ በቁፋሮ ሲቆረጥ ሳተላይቱ አይነካም፤ ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ሲያዳክም ደግሞ ገመዱ ሥራውን ይቀጥላል። በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀበሩ ሁለት ገመዶች ግን በአንድ ቁፋሮ አብረው ስለሚቆረጡ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም።

የቡድን ግንኙነት ከሁለት ሰዎች ንግግር የሚለይበት ዐቢይ ችግር የተሰብሳቢው መከፈል ነው። አገናኙ መስመር ሲበጠስ በሁለቱም ወገን ያሉ አባላት እርስ በርሳቸው እየተሰማሙ ይቀጥላሉ፤ በዚህም በአንድ አጀንዳ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች ሊተላለፉ ይችላሉ። መፍትሔው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚገኙበት ወገን ብቻ እንዲወስን፣ ሌላው መስመሩ እስኪመለስ እንዲጠብቅ አስቀድሞ መደንገግ ነው። ይህም በመሥሪያ ቤቶች ከተለመደው የምልዓተ ጉባኤ ሥርዓት ጋር ተመሳሳይ ነው።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠበት ወቅት፣ በኢንተርኔት መልእክት መለዋወጫ ብቻ የተመሠረተ የሥራ ግንኙነት ዘዴ ተጋላጭነቱ ግልጽ ሆኗል። በመሆኑም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የአባላቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ፣ ሰብሳቢው ከመስመር ሲወጣ ስብሰባውን የሚመራውን ተተኪ መሰየም እንዲሁም የደዋዮችን ቅደም ተከተል መወሰን ይኖርበታል። አንድ ኃላፊ ለአራት ሰዎች፣ እነዚህም እያንዳንዳቸው ለሌሎች አራት ቢደውሉ መልእክቱ በሁለት ዙር ለ20 ሰዎች ይደርሳል።

መጠባበቂያው አስተማማኝ የሚሆነው ዋናው መስመር ሆን ተብሎ እየተዘጋ በየጊዜው ሲፈተሽ ነው።