መብራት ሲመለስ ውኃው ለምን ይዘገያል?

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም። የውኃ ፓምፑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የባንክ አገልግሎቱና የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣም አብረው ይቆማሉ። መሠረተ ልማቶች እርስ በርስ የተሳሰሩ በመሆናቸው ወደ ሥራ የሚመለሱትም በቅደም ተከተል ነው።

ለዚህ የሰሜኑ ጦርነት ማግሥት አብነት ይሆናል። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ሲኾን መቀሌ ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ ቋት ጋር ዳግም የተገናኘችው ኅዳር 27 ቀን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ከተማዋ በረራ የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር።

የኃይል ጥገና ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ ከፍተኛ ኃይል አስተላላፊው መስመር፣ ቀጥሎ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ በመጨረሻም የየሰፈሩ ትራንስፎርመር ይፈተሻል። አንዱ ቀበሌ ብርሃን አግኝቶ ጎረቤቱ በጨለማ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ውኃው ከዚህም በላይ ይዘገያል። ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ማጠራቀሚያው መሙላት፣ የቧንቧ መስመሩም ግፊት ማግኘት አለበት። ስለዚህ ዝቅተኛ ሥፍራዎች ቀድመው ሲያገኙ ከፍታ ላይ ያሉ መንደሮች የኋለኛውን ተራ ይጠብቃሉ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ጥገኝነቱ ዙሪያ ገጠም መሆኑ ነው። የስልክ ማማዎች በባትሪ የሚቆዩት ለተወሰኑ ሰዓታት ነው። ጀኔሬተር ነዳጅ ይሻል፤ የማደያው መቅጃ ግን ራሱ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ በሚሸጥበት ሥርዓት ደግሞ ኔትወርክ ከሌለ ግዥውም ይስተጓጎላል። የጥገና ባለሙያውም ያለ መንገድና ያለ ስልክ ከብልሽቱ ቦታ መድረስ ይቸገራል። በመሆኑም ሆስፒታሎች፣ የውኃ ጣቢያዎችና የስልክ ማማዎች የመጠባበቂያ ነዳጅ አስቀድመው ሊይዙ ይገባል።

ነዋሪዎችም ድርሻ አላቸው። ኃይል ሲመለስ ምጣዱ፣ ምድጃውና ወፍጮው በአንድ ጊዜ ከተነሡ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ዳግም ሊቋረጥ ይችላል። መብራት እንደጠፋ ዕቃዎችን ማጥፋት፣ ሲመለስም በየተራ ማብራት ይመከራል። ቧንቧው ባዶ ሳለ በስንጥቅ በኩል ቆሻሻ ሊገባ ስለሚችል የመጀመሪያውን ውኃ ማፍሰስ፣ የመጠጡንም አፍልቶ መጠቀም ተገቢ ነው። አርሶ አደሮች ደግሞ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የወደቀ ምሰሶ ሲያዩ ሰውንም ከብትንም አርቀው በአቅራቢያ ለሚገኝ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ወይም ለቀበሌው ፈጥነው ማሳወቅ አለባቸው።