ልጅዎ የደከመበት ድርሰት በምን መልክ ይደርሳል?

ልጅዎ በአሜሪካ አገር ኮሌጅ ለመግባት ሲያመለክት ከትምህርት ውጤቱ ሌላ ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰት እንደሚጠየቅ ያውቁ ይሆናል። «ኮመን አፕ» የተባለውን የጋራ ማመልከቻ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. 15 ኮሌጆች ሲጀምሩት የወረቀት ቅጽ ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ግን ወደ ኢንተርኔት ገባ። ዛሬ ከ1,000 በላይ የሆኑ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ድርሰቱን በአምስት አንቀጽ ከፍሎ፥ የየአንቀጹን መጀመሪያ ገባ አድርጎ፥ በሚገባ አስጊጦ በኮምፒዩተር ጻፈው። ከዚያም ቀድቶ በአንድ ኮሌጅ ቅጽ ላይ ለጠፈና ላከው። በማግሥቱ የተላከውን ቅጂ ስናየው አምስቱ አንቀጾች ተያይዘው አንድ ግድግዳ ሆነዋል፤ በትእምርተ ጥቅሱም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። እናቱ «ያን ሁሉ ሌሊት የተቀመጥኸው ለዚህ ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። የተላከ ማመልከቻ ተመልሶ አይታረምምና።

ምክንያቱ ምን ይሆን? በኮምፒዩተር ስንጽፍ ከፊደሉ ጋር ለዓይን የማይታይ ብዙ ትእዛዝ አብሮ ይቀመጣል። የማመልከቻው ሣጥን ግን ፊደሉን ተቀብሎ ልብሱን ያስቀራል። የኮመን አፕ ሣጥን ማድመቅን፥ ማዝመምንና ማስመርን ይፈቅዳል፤ የአንቀጹን ገባ ማለት ግን አይጠብቅም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ8 ጥያቄዎች 4ቱን አስመርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ሲፈቅድ፥ የሚሻው ጌጥ የሌለውን ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ድርሰቱን አስቀድሞ «ኖትፓድ» በመሰለ ተራ መጻፊያ ላይ ይለጥፈው፤ ጌጡ እዚያው ይራገፋል። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል አንድ ባዶ መስመር ይተው። ቃላቱንም የሚቆጥረው በሣጥኑ ቈጣሪ ይሁን። የኮመን አፕ ዋና ድርሰት ከ250 አያንስም፥ ከ650 አይበልጥም። በአማርኛ ለሚያስብ ልጅ ይህ ልክ ቶሎ ይሞላበታል፤ «አልመጣሁም» የምንላት አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አራት ትሆናለችና!

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከመላኩ በፊት የሚታየው ቅጂ ነው። ኮሌጁ የሚያነበው እርሱን ስለሆነ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይነበብ። ለዚህም ጊዜ ያሻል። በኮመን አፕ የመጨረሻው ሰዓት በአመልካቹ አገር ሰዓት 11:59 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ነገር እርስዎም ያውቁታል።

የእኅቴ ልጅ ለቀሩት ኮሌጆች ከመላኩ በፊት ቅጂውን በወረቀት አትሞ ለእናቱ ሰጣት። እርስዋ እንግሊዝኛ አታነብም። መነጽርዋን አድርጋ በጣትዋ እየቈጠረች «አምስት ናቸው፤ ላከው» አለችው።