ከጭልጋ ከሰል ናፍጣ ቢወጣ ውሃው የት ይሄዳል?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ በአይከል ዙሪያ፣ የጭልጋ መሬት ድንጋይ ከሰል እንደያዘ ከታወቀ ቆይቷል። የነዳጅ ዋጋ በናረ ቁጥር «ይኼን ከሰል ለምን ናፍጣ አናደርገውም?» የሚል ሰው ቢነሣ አይገርምም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በጀርመን የሠሩት ኬሚስቶች ፊሸርና ትሮፕሽ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል፣ ደቡብ አፍሪካም ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዳጅ አምርታበታለች። የእኔ ክርክር ግን ከነዳጁ በፊት ስለ ፍሳሹ መነጋገር አለብን የሚል ነው።

ከሰሉ በእንፋሎትና በኦክስጅን ሲጋይ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሰጣል። ሁለቱ ጋዞች ተዋሕደው ነዳጅ ሲሆኑ ኦክስጅኑ በአብዛኛው ውሃ ሆኖ ይወጣል፤ በወረቀት ላይ ሲሰላ ለ14 ኪሎ ነዳጅ 18 ኪሎ ውሃ። ይህ ውሃ ለዓይን የጠራ ነው፣ አልኮልና አሲድ ስላለበት ግን አቼቶ አቼቶ ይሸታል። እሱስ የዋሁ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን በልተው ይጨርሱታል። ክፉው ከሰሉ ጋዝ በሚሆንበት ምድጃ በኩል የሚወጣው ነው። ሙቀቱ ዝቅ ባለ ምድጃ ውስጥ ጋዙ ሲቀዘቅዝ የሚወርደው ውሃ ቅጥራን፣ አሞኒያና ፌኖል ይዞ ይመጣል። ፌኖል ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሊስተር ቁስል እንዳያመረቅዝ የተጠቀመበት ጀርም ገዳይ ነው፤ ሳይቀነስ ወደ ማጣሪያው ገንዳ ቢለቀቅ አጣሪዎቹን ተሕዋስያን ራሳቸውን ይፈጃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፦ ቅጥራኑ ይዘቅጣል፣ ፌኖሉ በሌላ ፈሳሽ ታጥቦ ይወጣል (ለገበያም ይሆናል)፣ አሞኒያው በእንፋሎት ይነሣል፣ ተሕዋስያኑ ተራ የሚያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

«ፋብሪካው ራሱ ውሃ የሚያመነጭ ከሆነ ለአገሬው በረከት አይደለም?» ይባል ይሆናል። አይደለም፤ ለእንፋሎትና ለማቀዝቀዣ የሚጠጣው ከሚሰጠው ይበልጣል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የኳታር ነው። እዚያ ከተፈጥሮ ጋዝ ነዳጅ የሚሠራው ፐርል የተባለ ፋብሪካ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ይጠቀምበታል፣ ወደ ውጭ አይለቅም። እውነት ነው፤ ግን የጋዝ ፋብሪካ የከሰልን ቅጥራንና ፌኖል አያውቅም፣ ከማጣሪያው የሚተርፈው ጨውም በበረሃ ቢከማች ዝናብ አያጥበውም። ጭልጋ ላይ ክረምት አለ። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ጨዋማ ተረፍ የተጠራቀመበት ክፍት ኩሬ እንዲተን መጠበቅ ቀርቶ እንዳይሞላ መከላከሉ ራሱ ሥራ ነው፤ ሞልቶ የፈሰሰው ደግሞ ወደ ጓንግ ወንዝ ይወርዳል፣ ጓንግም ሱዳን ገብቶ አትባራ ይሆናል።

ፋብሪካ በሌለበት ስለ ፍሳሽ ማውራት ችኮላ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ቢሆንም የጓንግን ውሃ በበጋም በክረምትም ቀድቶ ፌኖሉንና አሞኒያውን ለመለካት ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም። ከተተከለ በኋላ የሚመጣ ለኪ ግን የድሮው ውሃ ምን ይመስል እንደነበር ከየትም ሊያገኘው አይችልም።