የቻይናን «ዩዋን» በአማርኛ ምን እንበለው?

የቻይና ባለሥልጣናትና ምሁራን፣ በተለይም በሱጆ ከተማ፣ በመኖሪያቸው ቅጥር ውስጥ ያሠሯቸው የነበሩት ያማሩ ሥፍራዎች በቻይንኛ «ዩዋን» ይባላሉ። ከእነዚህ ዘጠኙ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ቃሉን «የአትክልት ቦታ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያሳስታል እንላለን፤ ይህ ሲባል ጎመንና ሽንኩርት ቀድመው ወደ ልቡና ይመጣሉና። በ«ዩዋን» ውስጥ ግን ተክል ከድንጋይ፣ ከኩሬና ከሕንፃ ቀድሞ የሚቆጠር አይደለም። ውሃ የቦረቦረው የታይሁ ሐይቅ የኖራ ድንጋይ ተራራን ተክቶ ይቆማል፤ መተላለፊያው ስለሚጠማዘዝ ተመልካቹ ሁሉን ባንድ ጊዜ አያይም።

የቃሉ አጻጻፍ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ፊደሉን ዙሪያውን የከበበው ክፍል የቅጥር ምልክት ነው። ቅጥርንና ተክልን አስተባብሮ የሚይዝ «ዐጸድ» የሚል የግእዝ ቃል አለን፤ «ዐጸደ ወይን» እንደሚባለው ማለት ነው። «ገነት»ም መነሻ ፍቹ ተቀራራቢ ሳለ፣ በአማርኛ ይበልጡን የሰማያዊው ሥፍራ ስም ስለ ሆነ አይመችም። «ዐጸድ» ደግሞ «አጸደ ሕፃናት» በሚለው ስያሜ የጀርመንኛውን «ጋርተን» ተክቶ ካገለገለ ቆይቷል።

ይበልጥ የሚከብደው «ጂየ ጂንግ» የሚባለው ነው። ጂ ቼንግ እ.ኤ.አ. በ1631 በጻፈው «ዩዋን ዬ» መጨረሻ ላይ የሚያስረዳው ይህ ጥበብ፣ ከቅጥር ውጭ ያለውን ተራራ ወይም ግንብ የዐጸዱ አካል አድርጎ ማሳየት ነው። በሱጆው «ጁዎጀንግ ዩዋን» ከኩሬው ማዶ የሚታየው ፓጎዳ ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ነው። ከመቀሌ ሆነን እንደ መጻፋችን ቅርብ ምሳሌ እንስጥ፦ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ግቢ የቆመ ሰው ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለውን የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ ከግቢው ጋር አዛምዶ ቢመለከት ነገሩ ይገባዋል። አናጢው ናሬቲ የቻይናን ጥበብ ተከተለ ማለታችን ግን አይደለም።

«ጂየ» በቻይንኛ መበደርንም መዋስንም፣ ማበደርንም ማዋስንም ያጠቃልላል። አማርኛ ግን ምረጡ ይለናል። ጤፍ የተበደረ ሰው በልቶ ሌላ ጤፍ ይከፍላል፤ መጥረቢያ የተዋሰ ያንኑ መጥረቢያ ይመልሳል። ኮረብታ በመታየቱ አያልቅምና «የብድር ትዕይንት» ሳይሆን «የውሰት ትዕይንት» መባል ይገባዋል። («የውሰት ቃል» የምንለው ግን ለባለቤቱ ሲመለስ አላየንም፤ እርሱ ሌላ ክርክር ነው።)

በቅጥሩ ግድግዳ ላይ የሚሠራው፣ ማዶውን በከፊል የሚያሳየው መስኮት ስሙ ቃል በቃል «የሚያፈስ መስኮት» ነው። እንዲህ ብሎ የተረጎመ አንባቢውን ጣራ ጠጋኝ ያስጠራዋል። ለጊዜው «ጥልፍልፍ መስኮት» ብለነዋል፤ ከትግርኛም ሆነ ከሌላው ቋንቋችን የተሻለ ያላችሁ አንባብያን ብትጽፉልን እንቀበላለን።