መጀመሪያ የተነሣው የእናቱ አጥር ነበር
የከሰል መንደር ልጆች ሮኬት የሠሩበት ታሪክ

የመጀመሪያዋ ሮኬት ከመሬት አልተነሣችም። የተነሣው የእናቱ የጽጌረዳ አትክልት አጥር ነው።

ነገሩ የሆነው በ1957 መጸው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ኮልዉድ የምትባል በተራሮች መካከል ያለች የድንጋይ ከሰል መንደር ናት። የ14 ዓመቱ ሆመር ሂካም፣ በቤት ስሙ ሳኒ፣ ከርችት ያወጣውን ባሩድ በእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ አድርጎ፣ ቀፎውን በአሻንጉሊት አውሮፕላን አካል ሸፍኖ አጥሩ ላይ አቆመውና ለኮሰው። ጓደኞቹ ወደ ኋላ ሸሽተው ይጠባበቁ ነበር። ፍንዳታው መንደሩን ቀሰቀሰ፤ ሮኬቷ ግን የትም አልሄደችም።

እናቱ ወይዘሮ ኤልሲ አልከለከሉትም። የለመኑት ራሱን እንዳያፈነዳ ብቻ ነው። ሳኒ በበኩሉ አንድ ነገር ገባው፤ ቦምብ መሥራት ቀላል ነው፣ ሮኬት መሥራት ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

ለመሆኑ የከሰል መንደር ልጅ ስለ ሮኬት ማሰብ የጀመረው ከምን ተነሥቶ ነው? ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። ክብደቷ 84 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችው ይህች የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ ሳተላይት አሜሪካንን አስደነገጠች። ሳኒም በቤታቸው ግቢ ቆሞ በሌሊቱ ሰማይ ስታልፍ ያያት ብርሃን ከልቡ አልወጣ አለች። በኮልዉድ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የከሰል ኩባንያው ነበር። የወንድ ልጅ ዕጣ ፈንታ በእግር ኳሳቸው ጎበዝ ሆኖ በነጻ ኮሌጅ መግባት፣ አለዚያ እንደ አባቱ ጉድጓድ መውረድ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኳሱን ይችል ነበር፤ ሳኒ ግን ዓይኑም ደካማ፣ ለኳስም የማይሆን ልጅ ነበር። አባቱ አቶ ሆመር የማዕድኑ ኃላፊ ሲሆኑ፣ ከሰልን ከምንም በላይ የሚወዱና ልጃቸውም የማዕድን መሐንዲስ ሆኖ ወደዚያው እንዲመለስ የሚመኙ ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት ሮኬት ማለት ከአባት መንገድ መውጣት ማለት ነበር።

መብረር የማትችለው ወፍ

ሳኒና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቋሙ። ለሮኬቶቻቸውም "ኦክ" የሚል ስም አወጡ። ኦክ መብረር የማትችል፣ ዘሯም የጠፋ የባሕር ወፍ ስም ናት። ምናልባትም ራሳቸው ላይ ሌላው ከመሳቁ በፊት መሳቃቸው ነበር። ኦክ 1 የተነሣችው ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀጥለው የመጡት አንዳንዶቹ ፈነዱ፣ አንዳንዶቹ ተጠማዘው ወደ ጎን ሄዱ። አንደኛዋ ደግሞ ከቦታ ሁሉ መርጣ የአቶ ሆመርን የማዕድን ቢሮ መታች።

አባትየው በኩባንያው መሬት ላይ ሁለተኛ ሮኬት እንዳይተኮስ አዘዙ። ውሎ አድሮ ግን ከመንደሩ ራቅ ብሎ የከሰል ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ ቦታ ለልጆቹ ተፈቀደላቸው። እነርሱም በፍሎሪዳ ባለው ትልቁ ማስወንጨፊያ በኬፕ ካናቬራል ስም "ኬፕ ኮልዉድ" አሉት። ከቁርጥራጭ እንጨትና ከቆርቆሮ መጠለያ ሠርተው ከዚያ ውስጥ ሆነው መተኮስ ጀመሩ።

የብረቱን ሥራ የሚያውቁት የኩባንያው የቶርኖና የብየዳ ሠራተኞች ነበሩ። ለመጀመሪያዋ ኦክ የብረት ቱቦ ላይ ሮንዴላ የበየደላት አንድ ደግ ሠራተኛ ነበር። ሂካም በትዝታ መጽሐፉ እንደተረከው፣ አቶ ሆመር የኩባንያው ጊዜና ዕቃ በመባከኑ ተቆጥተው ይህን ሰው ከወርክሾፑ ወደ ጉድጓዱ ሥራ አዘዋወሩት። ሰውየው በኋላ እዚያው በደረሰ አደጋ ሞተ። ሳኒ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በሐዘን ተቀመጠ፤ ሮኬቱንም ተወው። ወደ ሥራው የመለሱት ጓደኞቹና አንዲት መምህርት ናቸው።

መምህርቷና መጽሐፉ

መምህርቷ ፍሪዳ ራይሊ በቢግ ክሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ለሳኒ የሰጡት ስለ ሚሳይል አሠራር መሠረተ ሐሳቦች የተጻፈ የመሐንዲሶች መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከእርሱ ዕውቀት በላይ በሆነ ሒሳብ የተሞላ ነበር። በሒሳብ ደካማ የነበረው ልጅ ግን የቁጥሩ ጥቅም ስለታየው ካልኩለስ በራሱ ጊዜ ተማረ።

ለዚህ ሁሉ ሒሳብ ምክንያቱ በሮኬቷ ጭራ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። የነደደው ጋዝ በዚህች ቀዳዳ ወደ ታች ሲወጣ ሮኬቷን ወደ ላይ ይገፋታል። ቀዳዳው በጣም ከጠበበ ግፊቱ ቱቦውን ያፈነዳዋል፤ በጣም ከሰፋ ኃይሉ ይባክናል። ልጆቹ በመጽሐፉ ያገኙት ቅርጽ መጀመሪያ እየጠበበ፣ ወገቡ ላይ ቀጥኖ፣ ከዚያ እንደ ጡሩምባ አፍ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ጋዙ በወገቡ በኩል ሲያልፍ የድምፅን ፍጥነት ይደርስና በሰፊው አፍ ሲወጣ ከድምፅ ይቀድማል። ይህን በትክክል ለመቁረጥ የቶርኖ ሠራተኛ እጅ ያስፈልጋል። ሠራተኞቹም ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ይቆርጡላቸው ጀመር።

ነዳጁም አብሮ ተለወጠ። ከባሩድ ወደ ስኳር ድብልቅ፣ ከዚያም ወደ ዚንክና ድኝ ተሸጋገሩ። የኋለኛውን የሚያቦኩበት አልኮል በተራራው ውስጥ በድብቅ የሚወጣ አረቄ ነበር! ከፍታውን ለመለካት ደግሞ አንደኛው ልጅ ከመጥረጊያ እንጨትና ከፕሮትራክተር መሣሪያ ሠራ። ርቀቱንና ማዕዘኑን አውቀው በትሪጎኖሜትሪ ያሰሉት ነበር። አንዲት ሮኬት በከሸፈች ቁጥር ስብርባሪዋን ለቅመው፣ የተቃጠለውን ቦታ መርምረው፣ በቀጣዩዋ ላይ አንድ ነገር ያሻሽሉ ነበር።

በአውቶቡስ የመጣው ዕቃ

በ1960 ሳኒ የማኅበሩን ሥራ ይዞ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ በተደረገው ብሔራዊ የሳይንስ ውድድር ቀረበ። እዚያም ኤግዚቢቱን ሌባ ወሰደበት። ወደ ቤት ደወለ። በዚያን ጊዜ የኮልዉድ ማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ ወርክሾፑ ተዘግቷል። ትዝታው እንደሚለው፣ ይህን የሰሙት አቶ ሆመር ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማምተው ወርክሾፑ ተከፈተ። ባለሙያዎቹ ሌሊቱን ዕቃውን እንደገና ቀርጸው በአውቶቡስ ላኩለት። ሳኒ በዘርፉ የወርቅና የብር ሜዳልያ አገኘ። በልጅነቱ ደብዳቤ የጻፈለት የሮኬት ሊቅ ዶክተር ቨርነር ፎን ብራውንም ውድድሩን ጎብኝቶ ነበር። ሳኒ እርሱን ፍለጋ በአዳራሹ ሲዞር፣ ሰውየው የእርሱን ዕቃ አይቶ ሄደ።

ሰኔ 4 ቀን 1960 ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ኬፕ ኮልዉድ ወጡ። የመንደሩ ሰው አብሯቸው ወጣ። በዚያን ቀን እስከዚያ ድረስ አንዴም መጥተው ያላዩት አቶ ሆመር መጡ። የመጨረሻዋን ሮኬት፣ ኦክ 31ን፣ ልጃቸው እርስዎ ይተኩሱ አላቸው፤ ተኮሱም። ልጆቹ እንዳሰሉት ከ31,000 ጫማ በላይ ወጣች፤ ወደ ስድስት ማይል የሚጠጋ ነው። ሁለት ሜትር ከተነሣችው ከኦክ 1 ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ሆመር ሂካም በ1964 በቨርጂኒያ ቴክ በኢንዱስትሪ ምህንድስና ተመረቀ፤ በቬትናም ዘመተ፤ ከ1981 እስከ 1998 በናሳ መሐንዲስ ሆኖ ጠፈርተኞችን አሠለጠነ። በ1997 ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ታካኦ ዶይ በኮሎምቢያ መንኮራኩር ሲወጣ የሂካምን የሳይንስ ውድድር ሜዳልያ ይዞለት ሄደ። ትዝታው "ሮኬት ቦይስ" በ1998 ታተመ፤ በ1999 "ኦክቶበር ስካይ" በሚል ፊልም ወጣ። የፊልሙ ርእስ የመጽሐፉ ርእስ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀያይረው የተሠራ ነው። መምህርት ራይሊ ግን ይህን አላዩም፤ በ1969 በ31 ዓመታቸው በካንሰር አርፈዋል። አቶ ሆመርም በ1989 ከሰሉ ሳንባቸው ላይ ባመጣው በሽታ ሞተዋል።

ልጅዎ ሮኬት ልሥራ ቢልስ?

የኮልዉድ ልጆች አካላቸው ሳይጎድል መትረፋቸው ትልቅ ዕድል ነው። በዚያ ዘመን ነዳጅ ቀምመው እጃቸውን ወይም ሕይወታቸውን ያጡ ልጆች ነበሩና። መፍትሔው የመጣው በዚያው በ1957 ነው። ኦርቪል ካርላይል የሚባሉ የኔብራስካ ጫማ ነጋዴ በወረቀት የተሠራች፣ ተቀጣጣይዋ ተዘጋጅቶ የሚገባና ካለቀ በኋላ የሚለወጥ ትንሽ ሮኬት ሠርተው ነበር። ሃሪ ስታይን የተባለ የሚሳይል ባለሙያ ስለ አደጋው የጻፈውን በመጽሔት አንብበው ላኩለት። የሮኬት ጨዋታ ዛሬ ያለው መልክ ከዚያ ተነሣ።

ዛሬ በአሜሪካ የመጫወቻና የእጅ ሥራ መደብሮች ሙሉ ዕቃው ይሸጣል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በቤት አይቀመምም፣ በፋብሪካ የተዘጋጀው ብቻ ይገዛል። አካሏ ከወረቀት፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ እንጂ ከብረት አይሠራም። የሚለኮሰው በክብሪት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ለትንንሾቹም ቢሆን ቢያንስ 15 ጫማ ርቆ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ማይል ከበለጠ አይተኮስም። ሮኬቷም በጃንጥላ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ከመሄድ በፊት ሜዳው የሚፈቀድ መሆኑን የአካባቢውን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ሳትነሣ ብትቀር፣ ወይም ዛፍ ላይ ብትንጠለጠል አይደንቅም። አቶ ሆመር የደረሱት ለመጨረሻዋ ነበር። ለመጀመሪያዋ መድረስ የሚችል ወላጅ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ቢሰጥ ይበቃዋል።