እብጠት የሚሸፍነው ክሳት

የልብ ድካም፣ ማለትም ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መርጨት የሚሳነው ሕመም፣ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በትንፋሽ ማጠርና በእግር እብጠት ሲሆን፣ ከእብጠቱ ሥር ተሸሽጎ የሚከናወነው የጡንቻ መመንመን ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው። ሐኪሞች «ካኬክሲያ» የሚሉት ይህ ክሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት፣ በ12 ወራት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቢያንስ 5 በመቶ የሰውነት ክብደት መቀነስን ከጡንቻ መዳከም፣ ከድካምና ከምግብ ፍላጎት ማጣት ከመሳሰሉ ምልክቶች ጋር አጣምሮ የሚይዝ ነው።

ችግሩ ሚዛን ሥጋንና ውሃን ለይቶ አለመመዘኑ ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሕመምተኛ 4 ኪሎ ጡንቻ አጥቶ 4 ሊትር ውሃ ቢቋጥር ሚዛኑ ዛሬም 60 ያሳያል፤ ቤተሰብም «ክብደቱ አልቀነሰም» ብሎ ይጽናናል። እውነቱ የሚነበበው ከሌላ ቦታ ነው፦ ጫማና ቀበቶ እየጠበቡ የሸሚዙ እጅጌ ይሰፋል፣ ጆሮ ግንዱ ይጎደጉዳል፣ የማጅራት አጥንት ይወጣል፣ ከበርጩማ ለመነሣትም እጅን በጉልበት ላይ መደገፍ ያስፈልጋል።

መንስኤው ተራ ረኃብ አይደለም። ወደ ልብ መመለስ ያቃተው ደም በጉበትና በአንጀት ግድግዳ ስለሚከማች ሕመምተኛው ሁለት ጉርሻ ሳይጨርስ ይጠግባል፣ የበላውም በቅጡ አይዋሐደውም፤ በዚያው ላይ የሰውነት ብግነትና የጭንቀት ሆርሞኖች ጡንቻን ያፈርሳሉ፣ በግድ የሚሳበው ትንፋሽም ራሱ ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ ምግብ የልብን መድኃኒት ይደግፋል እንጂ አይተካውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ጨው ቀንስ» የሚለው ምክር በማዕድ ቤት የሚያገኘው ትርጉም ነው። ለሕመምተኛው ለብቻው የሚሠራለት ጨውም በርበሬም የሌለው አልጫ ሳይነካ ይመለሳል፣ ጨውን በመሸሽም ምግቡ ራሱ ይቀራል። በ6 አገሮች 806 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጨው ውስጥ የሚገኘውን ሶዲየም በቀን ከ1,500 ሚሊግራም በታች ለማውረድ የተደረገው ጥረት ሞትንና ሆስፒታል መግባትን በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ጨውን እንደልብ ለመነስነስ ፈቃድ ባይሆንም፣ ጣዕም እስኪጠፋ መከልከል ትርፉ አጠራጣሪ መሆኑን ያመለክታል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚገባባቸው፣ ለሕመምተኛው ያለ ጨው አስፈጭቶ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ማጣፈጥ የተሻለ መንገድ ነው።

የጡንቻ መሥሪያ የሆነውን ፕሮቲን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የልብ ድካም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ 1.1 ግራም ይመክራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 55 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ደግሞ 8 ግራም ያህል ስለሚይዙ ይህ መጠን በአንድ ማዕድ አይሞላም፤ ምግቡን ጥቂት ጥቂት አድርጎ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ማቅረብ ያሻል። ለታመመ ሰው የሚቀርበው ቀጭን ሾርባ ሆድን በውሃ ስለሚሞላ፣ ፈሳሽ ለተመጠነለት ሰው በእርጎ የተለወሰ በሶ ወይም እንቁላል የተመታበት ሽሮ ይበልጣል። የሃይማኖት ሥርዓት ሕመምተኛን ከጾም ቢያሳርፍም አልፈታም ለሚል ሰው ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝና ሰሊጥ አሉለት። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት። በአገራችን እንደሚበዛው በቁርጥማት ሳቢያ የልብ በሩ ተጎድቶ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድም ሰው፣ ጎመን የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚነካ፣ ድንገት ከማብዛት ወይም ከመተው ይልቅ መጠኑን ሳይለዋውጥ ቢመገብ ይመረጣል።

በስዊዘርላንድ ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙና ለምግብ እጥረት ከተጋለጡ 645 የልብ ድካም ሕመምተኞች መካከል፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ለየራሳቸው አመጋገብ ያቀደላቸው በ30 ቀናት ውስጥ 8.4 በመቶ፣ የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ ያገኙት ደግሞ 14.8 በመቶ ሞተዋል። አመጋገቡ መስመር ይዞ ክብደት ሲጨምር ግን ቤተሰብ ለደስታ ባይቸኩል መልካም ነው፤ ሥጋ የሚመለሰው በሳምንታትና በወራት ስለሆነ፣ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ሕመምተኛ የቋጠረው ውሃ ነው፣ መሄድ ያለበትም ወደ ሐኪሙ ነው።