ዝግ፣ ክፍት፣ የተቆለፈ፦ ለሊነክስ የሚቀርቡ ጨዋታዎች በአማርኛ እንዴት ይሰየሙ?

ስለ ኮምፒዩተር የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ፈጥነው ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ «ነጻ» የሚለው ቃል ነው። አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነጻ ነው ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይታሰባሉ። ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የተሠራበት ምንጭ ለሁሉ የተገለጠ፣ ማንም ሰው ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የሚችል ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ገዢው በፈለገው ኮምፒዩተር ላይ፣ ሻጩን ደግሞ ደጋግሞ ሳያስፈቅድ እንዲጫወተው የቀረበ፣ በተለምዶ ዲአርኤም ከሚባለው መሣሪያ የጸዳ ነው ማለት ይሆናል። እነዚህ ሦስቱ አንድ አይደሉም። በገንዘብ የሚሸጥ፣ ምንጩም የተሰወረ፣ ነገር ግን ያለ ዲአርኤም የሚቀርብ ጨዋታ አለ፤ ያለ ዋጋ የሚታደል፣ ግን አቅራቢው ባሻው ቀን የሚያስቆመውም አለ። በተለይ ሊነክስን በመሰሉ ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወናዎች የሚጠቀም አንባቢ ብዙ ጊዜ እነዚህን ልዩነቶች አስቦ የመረጠ ሰው ነው። ተርጓሚው ከደባለቀበት ግን ገንዘቡን ባላሰበው ነገር ላይ ያውላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ነገሮች ለያይቶ ለመጥራት አማርኛ ምን ያህል አቅም እንዳለው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነጻ» ከግዕዙ «ነጽሐ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ከንጽሕና ተነሥቶ ከባርነት መውጣትን፣ ከክስ መዳንን፣ በመጨረሻም ያለ ክፍያ መገኘትን ለማመልከት በቅቷል። ነጻ አገር፣ ከበሽታ ነጻ፣ በነጻ መታከም እንላለን። የእንግሊዝኛው «ፍሪ»ም እነዚህኑ ሦስት ፍቾች ይሸከማል። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በዚህ ረገድ ይህን ያህል መመሳሰላቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ለተርጓሚው ግን ወጥመድ ነው። ቃል በቃል ሲመልስ ምንም የጎደለበት አይመስለውም፤ የመነሻውን ቋንቋ አሻሚነትም ሳያውቀው ተሸክሞ ያልፋል።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በዚህ ቃል ብዙ ተከራክረዋል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የነጻ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ ሲጀምር ነጻነትን እንጂ ዋጋ ማጣትን አላሰበም፤ ሰሚው ግን በቅድሚያ የሚያስበው ዋጋውን ስለ ነበረ እርሱና ተከታዮቹ ዘወትር ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። አንዳንዶቹም «ሊብር» የሚለውን ቃል ከፈረንሳይኛና ከስፓኒሽ ተዋሱ። በፌብሩዋሪ 1998 ክሪስቲን ፒተርሰን «ክፍት ምንጭ» የሚለውን ስያሜ ስታቀርብ ከምክንያቶቿ አንዱ ይኸው የቃሉ አሻሚነት ነበር። ስለዚህ በአማርኛ «ክፍት ምንጭ» ማለታችን የባዕድ ፈሊጥን መከተል ብቻ አይደለም፤ እኛም ያለብንን ችግር ለማቃለል ይረዳል።

የሆነ ሆኖ «ከዲአርኤም ነጻ» የሚለው አነጋገር በራሱ ስሕተት የለበትም። «ከቀረጥ ነጻ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ያለ ዋጋ ይታደላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ፍቹን የሚወስነው «ከ» የሚለው መስተዋድድ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ሐረጉ ሲያጥር ነው፤ በአርእስት ላይ ቦታ ሲጠብ «ከ» እና ተሳቢው ስም ይወድቁና «ነጻ ጨዋታዎች ለሊነክስ» የሚል ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሦስቱም ፍቾች ተመልሰው ይገባሉ።

ወደ ዲአርኤም እንምጣ። ይህ መሣሪያ በልዩ ልዩ መንገድ ይሠራል። ቀደም ሲል ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ዋናው ዲስክ በማጫወቻው ውስጥ መኖሩን ይመረምር ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መንገድ ጨዋታው በኢንተርኔት አማካይነት የሻጩን ኮምፒዩተር እየጠየቀ፣ የተጫዋቹ መለያ የተፈቀደለት መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ የሚከፈትበት ነው። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሦስቱ ፊደላት የሚወክሉት ሐረግ ቃል በቃል ሲመለስ «የዲጂታል መብት አስተዳደር» ይሆናል። ይህ ትርጉም በአንዳንድ ጽሑፎች ይገኛል፤ እኛ ግን አንደግፈውም። አንደኛ፣ «አስተዳደር» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ መሥሪያ ቤትን ያስታውሰዋል፤ ማመልከቻ የሚገባበት ጽሕፈት ቤት እንጂ በጨዋታ ውስጥ የተሸሸገ መሣሪያ አይታየውም። ሁለተኛና ዋናው፣ «መብት» የማን መብት እንደ ሆነ አይናገርም። አንባቢው የራሱ የተጠቃሚው መብት የሚጠበቅበት ይመስለዋል፤ የታሰበው ግን የአሳታሚው መብት ነው። መሣሪያውን የሚቃወሙት ወገኖች ይህን ስለ ተረዱ፣ የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት መካከለኛውን ፊደል «ገደብ» እያለ ይፈታዋል። ይህም የክርክሩ አንዱ ወገን ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ከሁለቱ አንዱን ይዞ ገለልተኛ ነኝ ሊል አይችልም።

«ዲጂታል መቆለፊያ» ብንለው ግን ከሁለቱም ወገን እንርቃለን። ሰው ለገዛ ንብረቱ መቆለፊያ ማበጀቱ ነውር አይደለም፤ በሌላው ሰው በር ላይ ቢያንጠለጥል ግን ያስጠይቀዋል። ስያሜው የነገሩን አሠራር ይገልጻል፤ ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ምስል ጋር ይስማማል፤ በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ የሚከለክለው ማባዛትን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውን መቆለፊያ መስበርንም ጭምር ነው። «ቁልፍ» የሚለውን አጭር ቃል ያልመረጥነው ሥራው ስለ በዛበት ነው። መዝጊያውም መክፈቻውም ቁልፍ ይባላል፤ የሸሚዝም የኮምፒዩተር ገበታም ቁልፍ አለው። በዚያ ላይ ጨዋታ ሲሸጥ ለገዢው የሚላከው የፊደልና የቁጥር ድርድር በተጫዋቾች ዘንድ ቁልፍ ይባላል። አንዱን ቃል ለመቆለፊያውም ለመክፈቻውም ማዋል ግራ ያጋባል።

«መቆለፊያ» የሚሰጠን ጥቅም ግን ከዚህም ይበልጣል። አማርኛ «ዘጋ»ን እና «ቆለፈ»ን ይለያል። «በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም» ሲባል የማይገባው ሰው የለም። ይህ የዕለት ተዕለት አነጋገር፣ በሌላ ቋንቋ ረጅም ማብራሪያ የሚጠይቀውን ልዩነት በሁለት ግሦች ይጨርሰዋል። ምንጩ የተሰወረ ጨዋታ ዝግ ነው፤ ምንጩ የተገለጠው ክፍት ነው። ሻጩ ካልፈቀደ የማይሠራው የተቆለፈ ነው፤ ያለ ፈቃዱ የሚሠራው ያልተቆለፈ ነው። በዚህ መሠረት ለሊነክስ ያለ ዲአርኤም ተሸጠው ከምናገኛቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፣ ግን አልተቆለፉም።

ለዚህ ዐይነተኛው ምሳሌ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2008 ያቋቋመው ጎግ የተባለው የጨዋታ ገበያ ነው። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ጎግ ማጎግን ቢያስታውሰውም ዝምድና የለውም፤ «ደኅና የድሮ ጨዋታዎች» የሚል ፍች ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተውጣጣ አሕጽሮት ነው። ይህ ገበያ ከመጀመሪያው ጨዋታዎችን ሳይቆልፍ ሲሸጥ ቆይቶ በጁላይ 2014 ለሊነክስ በ50 ጨዋታዎች ጀመረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለጥንቱ ዶስ የተሠሩ ስለ ነበሩ ዶስቦክስ ከተባለ ክፍት ምንጭ አስመሳይ ጋር ታሽገው ቀረቡ። ገዢው የሚወርድለትን የመጫኛ ፋይል በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጭነዋል። የጨዋታዎቹ ምንጭ ግን ከባለቤቶቹ እጅ አልወጣም። ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 2010፣ የመጀመሪያው የሃምብል ጥቅል ያልተቆለፉ ጨዋታዎችን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊነክስ አቅርቦ ዋጋውን ገዢው ራሱ እንዲወስን አድርጎ ነበር። የሊነክስ ተጠቃሚዎች ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ይልቅ በአማካይ ከፍ ያለ ገንዘብ መክፈላቸው ያን ጊዜ ብዙ አነጋገረ፤ ለ«ነጻ» የቆመ ሰው ገንዘብ አይከፍልም የሚለውን ግምት አፍርሷልና። ከጥቅሉም ጨዋታዎች አኳሪያ፣ ጊሽ፣ ሉጋሩና ፔናምብራ ከሽያጩ በኋላ ምንጫቸው ተገልጧል፤ ያልተቆለፉ ዝጎች የነበሩት ያልተቆለፉ ክፍቶች ሆኑ ማለት ነው።

ይሁንና «ጨዋታው ተከፈተ» ማለት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አይዲ ሶፍትዌር በ1993 ያወጣውን «ዱም» የተባለ ጨዋታ ምንጭ በዲሴምበር 1997 ገለጠ። የተገለጠውም የዶሱ ሳይሆን የሊነክሱ ቅጂ ነበር፤ በዶሱ ቅጂ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል የሌላ ወገን ንብረት ስለ ነበረ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ለንግድ መጠቀምን ይከለክል ነበር፤ በ1999 ግን በግኑ አጠቃላይ ፈቃድ ተተካ። የተከፈተው ሞተሩ ብቻ ነው። ሥዕሉ፣ ድምፁና የጨዋታው ደረጃዎች እስከ ዛሬ ዝግ ናቸው፤ ሞተሩን በነጻነት ያገኘ ሰው ይዘቱን መግዛት አለበት፣ ወይም ፍሪዱም የተባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች በምትኩ የሠሩትን ይዘት መጠቀም አለበት። ስለዚህ ተርጓሚው የተከፈተው ሞተሩ ይሁን ይዘቱ ሳይለይ «ክፍት ጨዋታ» ብሎ እንዳያልፍ እናሳስባለን።

ደቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት ለዚህ ዐይነቱ ነገር የተለየ ክፍል አለው። የፕሮግራም ግምጃ ቤቱን ሲከፋፍል ራሳቸው ነጻ ሆነው ሳሉ ነጻ ያልሆነ ነገር ካልታከለባቸው የማይሠሩትን «ኮንትሪብ» በሚል ስም ለብቻ ያኖራቸዋል። ስሙ የመጣው ከ«አስተዋጽኦ» ነው፤ እንዲህ ብለን ብንመልሰው ግን አንባቢው ምንም አይረዳም፤ የእንግሊዝኛው ስምም ከነገሩ ጋር ያለው ግንኙነት ከጠፋ ቆይቷል። «ጥገኛ ክፍል» ብንለው የስሙን ታሪክ ትተን የነገሩን ጠባይ እንይዛለን።

ሌላው ጉዳይ የመስተዋድድ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስቲም የተሰኘውን ገበያውን በፌብሩዋሪ 2013 ለሊነክስ አቀረበ፤ በኦገስት 2018 ደግሞ ፕሮቶን የተባለውን፣ ለዊንዶውስ የተሠሩ ጨዋታዎችን በሊነክስ ላይ የሚያስኬድ አስማሚ አወጣ። ፕሮቶን የተመሠረተው በ1993 በተጀመረው ዋይን ላይ ነው። ከዚህ ወዲህ «ለሊነክስ የሚገኙ ጨዋታዎች» የሚለው ሐረግ አሻሚ ሆነ። ለሊነክስ የተሠራ ጨዋታ አለ፤ ለሊነክስ ሳይሠራ በሊነክስ የሚሠራም አለ። «ለ» የሠሪውን ሐሳብና ኀላፊነት ያመለክታል፤ «በ» መሥሪያውን ብቻ ይጠቁማል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ በፕሮቶን ደኅና ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቀን ቢበላሽ፣ ሠሪው ለሊነክስ ያልገባው ቃል የለምና የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ሁለቱን መስተዋድዶች እንደ ልብ ማለዋወጥ የማይገባው ስለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ በስቲም የሚሸጥ ሁሉ የተቆለፈ ነው ማለትም ትክክል አይደለም፤ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ስቲም የሚከፈቱ ጨዋታዎች አሉበት። መቆለፊያውን የገበያው ጠባይ አድርጎ ሳይሆን የእያንዳንዱ ጨዋታ ጠባይ አድርጎ መግለጽ ይገባል።

በመጨረሻ የምናነሣው «ገዛ» የሚለውን ግሥ ነው። በሴፕቴምበር 2024 የካሊፎርኒያ ግዛት አንድ ሕግ አወጣ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ የሚሰጡት ሊሻር የሚችል የአጠቃቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ካላስታወቁ በስተቀር «ይግዙ» በሚለው ቃል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ሻጩ መልሶ ሊነጥቀው የማይችለውን፣ ገዢው በራሱ ዕቃ ላይ ለዘለቄታ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚጠቀምበትን ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል። ያልተቆለፈ ጨዋታ ማለት ይህ ነው። አስቀድሞ ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ አገልጋይ ኮምፒዩተሮቹ በማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጉ፣ ገንዘብ የከፈሉበት ሰዎች ለብቻቸው እንኳ ሊጫወቱት አልቻሉም ነበር።

የአማርኛ ተርጓሚ ይህን በር ሲያንኳኳ ከእንግሊዝኛው የከበደ ችግር ይጠብቀዋል። «ገዛ» ዋጋ ከፍሎ ወሰደ ማለት ብቻ አይደለም፤ ነገሠ፣ በሥልጣኑ ሥር አደረገ ማለትም ነው። «ግዛት» እና «ገዢ» ከዚሁ ይወጣሉ፤ «የገዛ ቤቱ» ስንልም የራሱ የሆነውን ማለታችን ነው። ስለዚህ በተቆለፈ ጨዋታ መሸጫ ላይ «ይግዙ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሻጩ ከገባው ቃል የበለጠ ገብቶለታል። «ይከራዩ» እንዳይባል የጊዜ ገደብና የየወሩ ኪራይ የለውም፤ «ይሸምቱ» ደግሞ እህልና የገበያ ዕቃ ያስታውሳል። ለተቆለፈው «የአጠቃቀም ፈቃድ ይግዙ» ብሎ የሚገዛውን ነገር በስሙ መጥራት የተሻለ መስሎ ይታየናል። ያልተቆለፈውም በውሉ ሲታይ ፈቃድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የመጫኛው ፋይል በገዢው ዲስክ ላይ ስለሚያድር፣ በእርሱ ላይ «ይግዙ» የሚለውን ቃል ብቻውን ለመተው አንቸገርም።